አስተናግር

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከድሮው ጣቢያ አጥር ሥር፣
አበባው ነጭ ጡሩምባ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ፣
ፍየል አሽትቶት የሚያልፈው አንድ ተክል አለ እስካሁን፤
ክረምት በገባ ቁጥር ማንም ሳይተክለው የነገሠ።
አስተናግር ይሉታል።

ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አይቶ እንደሆን እንጃ።
እኔ ያየሁትን ልንገርህ፦
ፍሬውን የቃመ ልጅ ሆስፒታል ሲያመጡልን
በሌለ መርፌ፣ በሌለ ክር፣ የሌለ ቁልፍ ሲተክል፣
ከሞተች አክስቱ ሲሟገት፣ ግድግዳውን «ኧረ ተቀመጥ» ሲል፣
እናቱን ግን «አንቺ ማነሽ?» ሲል።
ይናገራል፣ አዎ። ይናገራል።
መናገር እውነት መስሏቸው ነው ነገሩ የተበላሸው።

ድሬሰር ነበርኩ። ስድሳ ዘጠኝ፣ ሰኔ።
ዝናብ የሂርማታን ገበያ አላቁጦት፣
መብራት ሄዶ፣ ጂፕ መጣ። «ቦርሳህን ያዝ» አሉኝ።
ያዝኩ።
(ሰው እንዴት ቶሎ ነው ቦርሳውን የሚይዘው!)

ሻለቃ ደምለው ጠረጴዛው ላይ ብልቃጥ ደርድሯል።
አጠገቡ ባለ መነጽር ባዕድ፣ ላቡን በመሐረብ የሚያብስ፣
በአስተርጓሚ አፍ የሚናገር፦
ጅራፍ ያስዋሻል። ኤሌክትሪክ ያስዋሻል።
ይህ ግን ሰውን ከእንቅልፍና ከንቃት ደፍ ላይ ያቆመዋል፤
እዚያ ደፍ ላይ ውሸት የሚሸከም ጉልበት የለም።
ስለ አገሬው ተክልም ጠየቀኝ፣
ስሙን በደብተሩ ሊጽፍ ሦስቴ አስደገመኝ፦
አስ፣ ተ፣ ናግር።
ትርጉሙን ሲነግሩት ሳቀ።

ወንበሩ ላይ ታጁ አባ ዋሪ፣
የቡና መጋዘኑ ሚዛን ያዥ፤
በጆንያ መሐል ወረቀት አሳልፏል የተባለ።
ክንዱን አሰርኩ። ደም ሥሩ ወፍራም ነው፣ ለመርፌ የሚመች፤
ይህን ሳስብ ማንም ምንም አልወጋኝም ነበር።

እስከ አስር ቁጠር አሉት። ስድስት ላይ ምላሱ ከበደ።
ከዚያ እንደ እንጉርጉሮ፣ ዐይኑን ሳይከድን፦

    ሚዛኑ ይዋሻል፣ እኔ አልዋሸሁም፤
    ድንጋዩን ከሥሩ፣ እኔ አልሰካሁም፤
    ሁለት ኪሎ ካንዱ፣ የሚሄደው ማታ
    በሻለቃው ጂፕ ነው፣ ተሸፍኖ በኩታ።

አስተርጓሚው ዝም አለ።
ባዕዱ «ምን አለ? ምን አለ?»
«ገና አልሠራም» አለ ሻለቃው። «መጠኑን ጨምር።»
ጨመርኩ።

ማን ላከህ? ስም ጥራ።
ጠራ። አንድ ባንድ፣ እያቆላመጠ፦
ጉራቻ። ዳለቻ። ቡላ። ዲማ፣ የኔ ዲማ።
ጸሐፊው አስራ አንድ ስም ቆጠረ።
ሲነጋ ሁለት ዲማ፣ አንድ ቡላ ታሰሩ፤
የአንድ ጉራቻ ቤት ተከበበ፣ ሰውየው ከተቀበረ ሦስት ዓመቱ።
ለካ የአባቱ በቅሎዎች ኖረዋል፤
ከጅሬን ቁልቁል ቡና ሲጭኑ ኖረው
ሞተው ካለቁ ሃያ ዓመት የሆናቸው።

ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።
«አስናቀ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ውሃ።»
ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። «ማን አለ?»
«ቃዠ» አልኩ።
አስራ ሁለተኛው ስም አልተጻፈም።
ውሃውም አልተሰጠም።

ባዕዱ ፍሬውን በፖስታ ይዞ ሄደ አሉ።
ሻለቃው ተሾመ፣ ተሻረ፣ ሞተ። የታጁን መጨረሻ አላውቅም፤
አልጠየቅኩም ማለቴ ነው።
አሁን አጥሩ ሥር ስቆም ባለ ባጃጆቹ ይሳሳቃሉ፣
«ሽማግሌው ከቅጠል ጋር ጀመረ።»
ይሳቁ። ሳልቀምሰው ነው ያናገረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል።
ከዚያ ክረምት በፊት ልጄን ትክትክ ይዞት፣
የሆስፒታሉ ሚዛን ተሰብሮ፣ መድኃኒቱ ደግሞ በኪሎ የሚሰላ፣
አቅፌው መጋዘን ሮጥኩ።
ታጁ ልጁን ከመቀበሉ በፊት ጎንበስ አለ፣
ከሚዛኑ ሥር አንድ ድንጋይ አወጣ፣
ኪሱ ከተተ።
ስምንት ኪሎ ከሩብ፣ አለኝ።
ያኔ ድንጋዩ ምን እንደሆነ አልገባኝም።